ባልና ሚስት በእስታምቡል ገበያ ስለ ዋሉበት ቀን

ባልና ሚስት በአንድ ቤት ሃያ ዓመት ሲኖሩ ዘወትር አብረው የዋሉ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የቢሮው ሥራ፣ የልጆች ጉዳይ፣ የዘመድና የእንግዳ ብዛት ሲታሰብ፣ ሁለቱ ለብቻቸው የተቀመጡበት ሰዓት እጅግ ጥቂት ሆኖ ይገኛል። ይህን የተረዳነው በቤታችን ሳለን አይደለም፤ በሰው አገር፣ ቀድሞ ቍስጥንጥንያ ትባል በነበረችው በእስታምቡል፣ አንድ የዕረፍት ቀን ባገኘን ጊዜ ነው።

ከመነሣታችን በፊት ዘመዶቻችን የሚሹትን ዕቃ አስጽፈውን ነበር። ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ሞላ፤ በኪሳችን ያለው ገንዘብ ግን ለእኩሌታው እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

ጧት ሲሚት የሚባለውን፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበትንና እንደ ቀለበት የተሠራውን ዳቦ ከመንገድ ዳር ገዝተን በላንና ወደ ታላቁ ገበያ ሄድን። ይህ ገበያ ሱልጣን መሐመድ 2ኛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1453 ዓ.ም. ከተማዪቱን ከያዘ በኋላ የተመሠረተ፣ ጣራው በግንብ ቅስት የተከደነ፣ ከ60 የሚበልጡ መንገዶችና 4000 ያህል ሱቆች ያሉበት ነው። ነጋዴው ሻይ አቅርቦ ያነጋግራል፤ መጀመሪያ የሚጠራውም ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ከሁለታችን ባል የሆነው የፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ የለመደ ስለ ሆነ ዋጋውን ሁሉ በደብተር ያሰፍር ነበር፤ የቤታችን እመቤት ግን ጨርቁን በጣታቸው ዳብሰው፣ «ይህ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል» እያሉ ይተዉት ነበር። እስከ ቀትር ድረስ የተነጋገርነው ስለ ገንዘብና ስለ ዘመድ ብቻ ነው፤ ድምፃችንም ከፍ ማለት ጀመረ።

ከዚያ በ1664 ዓ.ም. ተሠርቶ ወደ ተፈጸመው፣ የግብፅ ገበያ ወደሚባለው የቅመም ገበያ ወረድን። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ ሄሉና ጥቁር አዝሙዱ ተከምሮ ባዩ ጊዜ እመቤቲቱ ቆም ብለው፣ «ይህስ የእናቴ ጓዳ ሽታ ነው» አሉ። ከዚህም የተነሣ በሃያ ዓመት ውስጥ በመካከላችን ተነሥቶ የማያውቅ የልጅነት ጨዋታ ተጀመረ። በገላታ ድልድይ አጠገብ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ በላን፤ ኋላም በመርከብ 20 ደቂቃ ያህል ተጕዘን ከአውሮፓው ዳር ወደ እስያው ዳር ወደ ቃድኮይ ተሻገርን።

በዚያም ቡና አዘዝን። በዚህች ከተማ ቡና ቤቶች የተከፈቱት በ16ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ላይ ነው፤ ቡናውም በየመን በኩል የመጣ ነው። እጀታ ባላት ትንሽ ዕቃ ተፈልቶ፣ ከነአተላው በስኒ ይቀርባል። እመቤቲቱም ቀምሰው፣ «የእኛ ጀበና ይሻላል። ነገር ግን በቤታችን ቡና ሲፈላ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ሁለታችን ብቻ ስንጠጣ ይህ የመጀመሪያችን አይደለምን?» ብለው ጠየቁ። ባል ብዙ አሰበ፤ ሌላ ጊዜ ግን ሊያስታውስ አልቻለም።

ወዲያው ዝርዝሩን አውጥተን ሰረዝነው። ለሁለቱ እናቶቻችን ሻሽ፣ ለየቤቱም ሎኩም የሚባለውን ጣፋጭ አንዳንድ ሣጥን ለመግዛት ቈረጥን፤ የቀረውንም ገንዘብ ለራታችን አቈየነው። «ዘመድ አይቀየምም ወይ?» ቢባሉ እመቤቲቱ፣ «ይቀየም ይሆናል፤ እኛ ተቀያይመን ከምንመለስ ግን ይሻላል» አሉ። በእውነትም ከዘመዶቻችን አንዲቱ አንድ ወር አኵርፈው ነበር፤ ኋላ ግን ታረቁ።

እንግዲህ በሥራም ሆነ በጉዳይ ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ ባለ ትዳሮች ሆይ፣ የምትገዙትን ዕቃ ልክ ከቤታችሁ ሳትወጡ ወስኑ። ከቀናችሁም አንዱን ያለ ጉዳይ ተዉት። ከገበያ የመጣ ልብስ ያረጃል፤ በዚያ ቀን የተጨዋወታችሁት ግን ለቤታችሁ ይተርፋል።