ቨርደን፣ ፈረስ የሚሸጥባት ከተማ

ከብሬመን በባቡር ብዙም አይርቅም። ቨርደን በአለር ወንዝ ዳር የተቀመጠች ትንሽ የሰሜን ጀርመን ከተማ ናት። የሃኖቨር ፈረስ አርቢዎች ማኅበር መሥሪያ ቤት እዚህ ነው፤ የፈረስ ሙዚየምም አላት። እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የስፖርት ፈረስ በሐራጅ ይሸጥባታል።

የመጣሁት ሃምቡርግ የሚኖር ወዳጄን አጅቤ ነው። ልጁ ድሬሳዥ የሚባለውን የግልቢያ ስፖርት ትለማመዳለች፤ የክለቡ ፈረስ አልበቃ ብሏታል። ወዳጄ ስለ ፈረስ የሚያውቀው አዊ ውስጥ አባቱ የነበራቸውን ዳማ ብቻ ነው። አሁን የቆመበት አጥር ውስጥ ያለው ፈረስ ትከሻው ከሱ ቁመት ጋር እኩል ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋማቸው የተጎነጎነ ወጣት ፈረሶች በየተራ ይገባሉ። ሶምሶማ ሲጀምሩ ሙዚቃው ይደምቃል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ዋጋውም አብሮ ሽቅብ ይወጣል። ኮሚሽንና ቫት ገና ይጨመርበታል። «ይሄ እኮ የቤት ዋጋ ነው!» አለ ወዳጄ።

የልጅቷ አሠልጣኝ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ አላጨበጨቡም። «ሶምሶማ በሥልጠና ይሻሻላል። እርምጃውን ግን ይዞት የተወለደው ነው፤ እሱን እዩ» አሉን። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ከአሸዋው አልተነሣም። ጥሩ ፈረስ ዘና ብሎ ሲራመድ የኋላ ሰኮናው የፊተኛው ከረገጠበት አልፎ ያርፋል። ብዙ ጭብጨባ ያገኘው ጥቁር ፈረስ የኋላ እግሩ እዚያው የፊተኛው ዱካ ላይ ነበር የሚያርፈው። እኔ ብሆን አልገዛውም።

ካታሎጉ ከፈረሱ ይልቅ ስለ አባቱ ያወራል። የሃኖቨር ውርንጭላ ስም አብዛኛውን ጊዜ በአባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይጀምራል፤ በ1996 እና በ2000 ኦሊምፒክ በዝላይ የቡድን ወርቅ ያመጣው ፎር ፕሌዠር አባቱ ፉሪዮሶ ሁለተኛ ነው። የዘር አያያዙ የቆየ ነው። የሃኖቨር መስፍን፣ የእንግሊዝም ንጉሥ የነበረው ጆርጅ ሁለተኛ በ1735 ሴለ ላይ የድንጉላ ጋጣ አቋቋመ፤ ገበሬው ባዝራውን እየወሰደ ያስጠቃ ነበር። ዛሬ ዋርምብለድ የሚባለው የስፖርት ፈረስ የእርሻና የሠረገላ ፈረስ ከእንግሊዝ የእሽቅድምድም ፈረስና ከዓረብ ጋር እየተዳቀለ የወጣ ነው።

ሐራጁን ትተን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አርቢ ሄድን። የተኮላሸ ዳማ ፈረስ፣ ግንባሩ ቦራ፣ ዕድሜው ሰባት። ልጅቷ ጋልባው ስትወርድ «አባዬ፣ ይሄኛው ይሰማኛል» አለች። ወዳጄ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ አሠልጣኟ ያዙት፤ መጀመሪያ ሐኪም።

ሐኪሙ የፈረሱን ዓይን በባትሪ አየ፣ ልቡን አዳመጠ፣ ደም ቀዳ፤ ደሙ የሚቀመጠው ሻጩ ማስታገሻ ወግቶት እንደሆነ በኋላ ለማጣራት ነው። ከዚያ አንዱን የኋላ እግር አንሥቶ፣ አጥፎ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጨምቆ ያዘውና ድንጋይ ንጣፉ ላይ በሶምሶማ አስሮጠው። ፈረሱ ሁለት እርምጃ አነከሰና ተስተካከለ። ሻጩ «ድንጋዩ ነው» አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ጤነኛ ፈረስም በዚህ ፈተና አንዳንዴ ያነክሳል። ሐኪሙ ግዛ ወይም አትግዛ አይልም፤ ያየውን ይጽፋል፣ ሥጋቱን ይናገራል፣ ውሳኔው የገዢው ነው። ወሳኙ ራጁ ነበር። በየመገጣጠሚያው የተነሡትን 18 ምስሎች አንድ በአንድ አሳየን። ወጣት ፈረስ ላይ የሚፈራው ከመገጣጠሚያው ተገንጥሎ የሚንሳፈፍ የአጥንት ስባሪ ነው፤ አልተገኘም።

ውሉ የተፈረመው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሻጩ የፈረሱን ፓስፖርት ሲያስረክብ ወዳጄ ቀደም ብሎ መጠየቅ የነበረበትን ጠየቀ፦ «ጋጣው፣ ድርቆሹ፣ ጫማው፣ በወር ስንት ይፈጃል?» አሠልጣኟ ብዕሩን ተቀበሉትና ከውሉ ጀርባ መደመር ጀመሩ።