ወንዙ የሞላ ዕለት

ደሴን ለቅቆ በጉጉፍቱ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወጣ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደጋው የት ላይ እንደሚጀምር ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ወሬው ይቀንሳል፤ ጋቢ እስከ አፍንጫ ይሳባል፤ መስኮት ከፍቶ የነበረውም ሳይለመን ይዘጋዋል። አቀስታ ላይ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ ሜዳና ገደል እየተፈራረቀ ይኬድና መጨረሻው መካነ ሰላም ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መምህር ሆኜ ስመደብ ይህን መንገድ በስም እንኳ አላውቀውም ነበር። «ቦረና ደረሰኝ» ስላት እናቴ ኬንያ ጠረፍ የምወርድ መስሏት ስስ ሸሚዝ ገዛችልኝ። የወሎው ቦረና ግን ብርድ አገር ነው። ከተማይቱ ያለችው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከምዕራቧ መሬቱ እየተቆራረጠ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው።

ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤትና ከተከራየኋት ክፍል ብዙም አልራቅሁም። ጎረቤቴ የታሪክ መምህር ነበር፤ የሳይንት ልጅ። ሰኔ ተጋምሶ ፈተናው ካለቀ በኋላ ሁላችንም ወደየቤታችን ልንበተን ስንል ወደ ክፍሌ ብቅ አለና፣ «አውቶቡሱ አዲስ አበባ ያደርስሃል፤ አገሩን ግን አያሳይህም። ደንቆሮ ጫካ ድረስ ሸኘኝና ተመለስ» አለኝ። እሱ ወደ ቤተሰቡ የሚገባው በእግሩ ነበር። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት የመጣ አንድ ወጣትም አብሮን ሊሄድ ተስማማ። ቀይ ቀበሮ ነበር የሚያጠናው፤ ስንቅ ሊሸምት ከተማ ወጥቶ ወደ ጫካው ይመለሳል።

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ደንቆሮ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአገሩ ሰው ቀላል መንገድ ነው። የዚያ ዓመት በልግ በጅቶ ነበርና ገብሱ በየማሳው ቢጫ ሆኖ ቆሟል። በዚያ ከፍታ የሚኖር ገበሬ ኑሮው የተንጠለጠለው ብዙውን ጊዜ በበልጉ ዝናብ ላይ ነው፤ ክረምቱ ከውርጩና ከበረዶው ጋር ሰብል አያሳድግለትም። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ እየተራመደ ያስረዳኝ ነበር። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሰላም ሳይል አይሄድም፤ ሰላምታውም ከብቱን፣ ልጁን፣ ሰብሉን፣ ዝናቡን ሳያዳርስ አያበቃም። መጀመሪያ ቸኮልኩ። እኩለ ቀን ላይ ግን እኔም ራሴ ስለማላውቀው ሰው ጥጃ መጠየቅ ጀምሬ ነበር።

ጫካውን የገባነው ከታች በኩል ነው። ወይራውና ጽዱ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ኮሶው ከላይ ይታያል፤ ከፍ እያሉ ሲሄዱ ዛፉ ሁሉ አስታ ይሆናል፤ ከአስታው በላይ ጓሳና ጅብራ ብቻ። ተማሪው አፈሩ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ጎንበስ እያለ ያያል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው፤ አይጥ ያለበትን ያወቀ ቀበሮ ያለበትን ያውቃል። እኔ ግን ቀበሮውን ሳይሆን ጭላዳዎቹን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር እየነጩ ተቀምጠዋል፤ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ይታያል። አንድ ትልቅ ወንድ ቀና ብሎ አየንና ወደ ሣሩ ተመለሰ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ እንደሆነ በመጽሐፍ አንብቤ ነበር። ንባቡና ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ላይ ሲያኝክ መስማት ግን ጨርሶ አይገናኙም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ አገር አውሬ የሚወራ ነገር ሁሉ እንደ ዘመድ ወሬ ያስጨንቀኛል።

ጭላዳዎቹ ከእኛ ቀድመው ያወቁት ነገር ነበር። ድንገት ግልገሎቹ ወደ እናቶቻቸው ሮጡ፤ መንጋው ወደ ገደሉ ወገብ መውረድ ጀመረ። ጓደኛዬ ሰማዩን ሳያይ «መጣ» አለ። ጉሙ ከበታቻችን ተነሥቶ ሸለቆውን ሞላና እኛንም ዋጠን። ካፊያ ነው ስንል ዶፍ ሆነ፤ ዶፉ ውስጥ በረዶ ነበረበት። እነሱ ገሳ ይዘዋል፤ እኔ ያችን የእናቴን ሸሚዝና አንድ ሹራብ። አንድ እረኛ ከአስታው ሥር ብቅ አለና ምንም ሳይናገር የገሳውን ግማሽ ከፈተልኝ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በረዶው እስኪያባራ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆየን፤ ሲያባራ በጎቹን እየጠራ ጉሙ ውስጥ ጠፋ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ያን ማታ ልናድር ያሰብነው ከወንዙ ማዶ፣ የጓደኛዬ አክስት ዘንድ ነበር። ወንዙ ዳር ስንደርስ ግን ውኃው ቡናማ ሆኖ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ዳሩ ላይ መንገደኛ ተኮልኩሏል። ሁለት በሬ የሚነዳ የከብት ነጋዴ አለ። ለሰኔ 21 ተድባበ ማርያምን ለመሳለም የወጡ አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር ቆመዋል፤ ልጅቷ በኮንጎ ጫማዋ ጭቃውን ትረግጣለች፣ ትስቃለች። እኛ ስንደርስ ሁሉም ለረጅም ጊዜ እንደሚያውቀን ሰው «ዛሬስ አያሻግርም» አለን። ጥቂት ጠበቅን፤ ውኃው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ብርሃኑ ሲያንስ አሮጊቷ «እንግዲህ ሰው ቤት ነው» ብለው ቀድመው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። ሁላችንም ተከተልናቸው።

በሩ ላይ የተጣራው ነጋዴው ነበር። «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን!» ከውስጥ ውሻውን የሚቆጣ ድምፅ ተሰማና ወዲያው «ኧረ ግቡ! ቤቱ የአላህ ነው!» የሚል መልስ መጣ። ስንት እንደሆንን፣ ከየት እንደመጣን የጠየቀ የለም። ጠባብ ሣር ቤት ናት፤ በአንድ ጥግ በጎች፣ በሌላው መደብ፣ መሐል ላይ ምድጃ። አባወራው ከመደቡ ተነሥተው አሮጊቷን አስቀመጡ። አንዲት ልጅ ለብ ያለ ውኃ አምጥታ በየተራ እግራችንን አጠበች። የኔ እግር ደንዝዞ ነበርና ውኃው ሲነካው አቃጠለኝ። ልጅቷ ፊቴን አየችና «አብሽር» አለችኝ፤ አይዞህ ማለቷ ነው።

ከዚያ ምግቡ መጣ። የአብዛኛው የወሎ ቤት ወግ ነውና እማወራዋ ማን እስላም ማን ክርስቲያን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ሁሉንም የሚያገናኘውን ሽሮና ድንች አቀረቡ፣ ከገብስ እንጀራ ጋር። የሰኔ ጾም መሆኑን ግን አልረሱም። ለአሮጊቷ ቅቤ ያልነካው ድስት ለብቻ ወጣላቸው። «አንቺ በምን አወቅሽ?» ሲሏቸው፣ «ማርያምን ልትሳለሚ የወጣሽ ሴት ሳትጾሚ ትወጫለሽ?» ብለው ሳቁ። እኔ ይህን ሳይ ከተማ ውስጥ ስለ መቻቻል የሰማሁት ስብከት ሁሉ ቀለለብኝ። እዚህ ቤት ማንም ማንንም አልቻለም፤ የእንግዳን ሆድ ያውቃሉ፣ በቃ።

ቡናው ተቆላ፤ ጨው ጣል ተደረገበት። አቦሉ ሲቀዳ አባወራው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ለሰብሉ፣ ለከብቱ፣ ለመንገደኛው፣ ለመንግሥቱ፣ ለአገሩ ሁሉ መረቁ፤ አሮጊቷም ከነጋዴው እኩል «አሚን» አሉ። እሳቱ የኩበትና የአስታ ነው። ልብሳችን እየጨሰ ደረቀ።

ወሬው የተጀመረው በቀበሮው ነው። ተማሪው ሥራውን ሲጠየቅ በደስታ ማስረዳት ጀመረ፦ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከመንዝ ጓሳ፣ ከስሜንና ከወሎ ደጋ ሁሉ ቢሰበሰብ 500 አካባቢ ቢሆን ነው፤ ባሌ ላይ ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷቸዋል። አባወራው በጥሞና ሰሙ። ከዚያ «ባለፈው ጥቢ ጠቦቴን በላብኝ» አሉ።

ተማሪው ቀበሮ የሚበላው አብዛኛውን አይጥ መሆኑን ደግሞ አስረዳ።

«አይጡን ይብላ፤ ማን ከለከለው? የኔ ጠቦት አይጥ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ተማሪው ግን አልሳቀም። ደብተሩን አወጣና በኩራዙ ብርሃን ይጠይቃቸው ጀመር። ጠቦቱ ስንት ጊዜው ነበር? ቀን ነው ሌሊት? እረኛ ነበረው? ቀበሮ ነው ወይስ ተኩላ፣ በዓይንህ አይተኸዋል? ብሎ አንተ ማለቱ ሲገርመኝ ወዲያው «አይተውታል?» ብሎ አስተካከለ። አባወራው ለእያንዳንዷ ጥያቄ አሰብ እያደረጉ መለሱ። በመጨረሻ «እስከ ዛሬ የመጣው ሰው ሁሉ ጫካውን አትንኩ ይለናል፤ እኛ ምን እንደተነካብን የጠየቀን አንተ ነህ» አሉት። ይህ ንግግር ከዚያ ወዲህ በጣም ብዙ ጊዜ ትዝ ብሎኛል። አስታውን እየቆረጠ የሚሞቅ ሰው አስታው ሲያልቅ ማን ቀድሞ እንደሚበርደው ያውቃል። ጫካ የሚጠብቅም የሚጨርስም ይኸው ሰው ነው፤ ሳያማክሩት አጥር ማጠር ከንቱ ድካም ነው ብዬ አምናለሁ።

ቶናው ላይ ተራው የጓደኛዬ ሆነ። አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ በ1520 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ተነሥቶ አፄ ልብነ ድንግልን ፍለጋ በዚህ በቤተ አምሐራ ምድር እንዳለፈ፣ አፄ ናዖድ ያስጀመሯትን መካነ ሥላሴን አይቶ እንደጻፈላት ነገረን። ሳይንት ውስጥ ስላለችው፣ አፄ በእደ ማርያም ስለ ተከሏት አትሮንሰ ማርያምም አወራ። ሁለቱም በ1531 እ.ኤ.አ. በኢማም አህመድ ዘመቻ ተቃጠሉ። ይህን ሲል ድምፁ ዝግ አለ፤ የገባንበት ቤት የማን እንደሆነ ያስታወሰ መሰለኝ። ዝም ተባለ። አሮጊቷ ናቸው የተናገሩት፦ «አቃጣዩም ባለቤቱም አፈር ከሆኑ ስንት ዘመናቸው! ይልቅ እሳቱ ሊጠፋ ነው፣ እንጨት ጨምሩ።» አባወራው እየሳቁ አስታውን ገፉበት።

በረካው ካለፈ በኋላ ነጋዴው በዝግታ መንዙማ ያንጎራጉር ጀመር። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ አባወራው ይቀበሉታል፤ እማወራዋ ከጓዳ ይቀበላሉ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ እንደገና መጣ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ዜማውን ይጠብቁ ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝታለች። ለእኔ አጎዛና ባና ተሰጠኝ። ቶሎ ላለመተኛት ታገልኩ።

ሲነጋ ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ጎድሎ ነበር። ተማሪው ገንዘብ ሊሰጥ እጁን ኪሱ ሲያስገባ አባወራው ፊታቸውን አዞሩ፤ ጓደኛዬ በክርኑ ጎሸመውና ነገሩ ቀረ። እማወራዋ ለየአንዳንዳችን ቆሎ ቋጠሩልን። ነጋዴው በሬዎቹን አስቀድሞ ውኃውን አስገባ፤ ጓደኛዬ ልጅቷን አዝሎ፣ አሮጊቷ የበሬውን ጭራ ይዘው ተሻገሩ። ማዶ ሆነው አሮጊቷ ወደ እኛ ዞረው ረጅም ምርቃት መረቁን፤ ከውኃው ድምፅ የተነሣ የሰማነው ጥቂቱን ነው። እኔና ተማሪው ወደ ጫካው ተመለስን። ከሰዓት በፊት ጓሳው ውስጥ አንድ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን ቀስሮ ጉድጓድ ሲጠብቅ አሳየኝ።

ክረምቱ ሲያልፍ አዲስ አበባ ልቀር የነበረውን ሐሳብ ትቼ ተመለስኩ፤ መካነ ሰላም ብዙ ዓመት ቆየሁ። ደንቆሮ ጫካ በኋላ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ መጀመሪያ 4,375 ሄክታር የነበረው ወደ ወረሂመኖም ተስፋፍቶ ከ15,000 ሄክታር አልፏል። ከመካነ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ጉንደወይን የሚደርስ መንገድም ተሠራ። የከብት ነጋዴውን ገበያ ላይ አገኘው ነበር፤ ባየኝ ቁጥር «የወንዙ ዘመዴ!» እያለ ይጣራል። አሮጊቷን ዳግመኛ አላገኘኋቸውም።

ተማሪው ጥናቱን ሲጨርስ አንድ ቅጂ በፖስታ ላከልኝ። ምስጋናው ላይ፣ ከአማካሪዎቹና ከዩኒቨርሲቲው ቀጥሎ፣ ወንዝ በሞላበት ሌሊት ላሳደሩን ቤተሰብ የሚል መስመር አለበት። ቅጂውን ይዤ ወደዚያው ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈላ፤ ዱዓ ተደረገ። ምስጋናውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። አባወራው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና፣ «ደግ ልጅ ነበር። ስለ ጠቦቴስ ጽፏል?» አሉኝ።

ጽፎ ነበር። ስለ በግና ስለ ገበሬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ። ገጹን ገልጬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።