አምስት ቁጥር ላይ የሰቀልነው ሰሞን

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲታገድ እኛም «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» አልን። የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ ግን ከደሞዛችን ጋር አይተዋወቅም። እናም እኔና አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ አዋጥተን አንድ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዛን። አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ።

መሪው ላይ ከዜሮ እስከ አምስት የምትቆጥር ትንሽ ስክሪን አለች። ቁጥሩ ፔዳል ስንመታ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚያግዘን የሚወስን ነው። እኛ የታክሲ ሰልፍ ያንገሸገሸን ሰዎች ነንና ሳንማከር አምስት ላይ ሰቀልነው። እገዛ ሲሰጠው «ይቀነስልኝ» የሚል ማን አለ?

ሳምንት ሳይሞላን ለገሃር ጋ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ (ማናችን እንደነበርን አንናገርም) እግራችን ፔዳሉን ትንሽ ገፋ ሲያደርገው ብስክሌቱ ዘሎ ወጣ። ነጠላቸውን ያጣፉ እናት እየተሻገሩ ነበር። ፍሬን ይዘን አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። አልተቆጡንም። «ኧረ ቀስ በይ ልጄ፤ ቤት የምትጠብቅሽ እናት አለችሽ» ብለው አለፉ። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

ማታ ሁለታችንም የሰፈራችን ብስክሌት ሠሪ ዘንድ ሄድን። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ብስክሌት የእግርን ጉልበት የሚለካ ሴንሰር አለው፤ በገፋኸው ልክ ያግዝሃል። የእኛው ግን የሚያየው ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ነው። ቀስ ብሎም ይዙር በኃይል፣ ከዞረ ሞተሩ የታዘዘውን ያህል ይለቃል። አምስት ከተባለ አምስት!

በማግስቱ ከፍርሃት የተነሳ አንድ ላይ አደረግነውና ቸርችል ጎዳናን ተያያዝነው። ከፖስታ ቤት በላይ ትንፋሻችን አለቀ። ያን ሁሉ ብረት እየገፋን በእግራችን ቴዎድሮስ አደባባይ ደረስን። ታክሲ ረዳቶች ሲስቁብን መልስ አልነበረንም።

ቀስ በቀስ ነው የገባን። ሞተሩ ያለው የኋላ ጎማው መሃል ላይ ስለሆነ ማርሽ መቀየር እሱን አያቀለውም። ዳገት ላይ በዝግታ እያቃሰተ ሲወጣ ከባትሪው ከሚስበው ኃይል ጥቂት የማይባለው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ባትሪያችን 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 360 ዋት ሰዓት። በአምስት ቁጥር ዳገት ከወጣንበት ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ እኛም መግፋት አለብን።

አሁን ሜዳው ላይ ሁለት ነን። መብራት ከሩቅ ስናይ አንድ። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን አቅልለን ሦስት። ቁልቁለት ላይ ዜሮ። ፒያሳ ስንደርስ ላብ አለን፣ ባትሪም አለን።

ስክሪኗ የመጨረሻውን ቁጥር ይዛ ታድራለች። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን፦ ማታ ብስክሌቱን ያስገባችው ቁጥሩን አንድ ላይ መልሳ ትተኛለች። ጠዋት የሚነዳው ሌላዋ ናት። መንገድ የሚሻገሩም እናቶች አሉ።