ከዓለም ፍጻሜ በኋላ ቡርቃ ጃቶ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ ነገሬን ከመነሻው ልጀምር። የትምህርት ቤታችን የፊልም ክበብ በሚመጣው መስከረም አንድ አጭር ፊልም ለመቅረጽ ወስኗል። ፊልሙ ገና ስም አልወጣለትም፤ ዘመኑ ግን ታውቋል፤ ይኸውም ዓለም ከጠፋች በኋላ፣ ከተሞች ባዶ ሆነው ጥቂት ሰዎች ብቻ የቀሩበት ዘመን ነው። የመክፈቻውን ክፍል እንድጽፍ የተመደብሁት እኔ ነኝ። የመክፈቻው ርዝመት ሁለት ደቂቃ ሲሆን ስለዚህች ሁለት ደቂቃ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከራክረናል። ክርክሩ ስለ ፊልም ብቻ ሳይሆን ስለ እኛም ስለ ሆነ፣ በዚህ መጽሔት ላይ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

አንዳንድ ወላጆች «ፈተና ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ ልጆቹ ስለ ዓለም ፍጻሜ ምን አስጨነቃቸው?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። የኖኅን ታሪክ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ያልሰማ ልጅ በከተማችን የለም። ያ ታሪክ ዓለም ከጠፋች በኋላ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ታሪክ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ እንደ ተጻፈው ምድር መድረቋን ለኖኅ ያበሠረችው አንዲት ርግብ ናት፤ ባፏም የያዘችው አንድ የወይራ ቅጠል ነበር። ከዚያ ሁሉ ውሃና ጥፋት በኋላ ተስፋ የተነገረው በአንዲት ቅጠል መሆኑን ልብ በሉ። ይህ ለፊልም ሠሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

በክበባችን ስብሰባ በመጀመሪያ የቀረበው አሳብ ብዙ እሳትና ብዙ ጭስ የሚጠይቅ ነበር። ፈራርሶ የተቃጠለ ቤት፣ የተገለበጠ መኪና፣ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች፣ ከእንጨት የተሠራ ጠመንጃ ይታይ ተባለ። አሳቡን ያቀረቡት ጓደኞቻችን ብዙ የውጭ ፊልሞችን ያዩ በመሆናቸው የሚናገሩትን ያውቃሉ። ሆኖም ከፊታችን ሁለት ጥያቄዎች ተደቀኑ። አንደኛው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ከገንዘብ የሚበልጥ ነው።

የገንዘቡን ጥያቄ የመለሱልን ከእኛ በፊት የሠሩ ሰዎች ናቸው። ክሪስ ማርከር የተባለ ፈረንሳዊ በ1962 እ.ኤ.አ. «ላ ዠቴ» የሚባል የ28 ደቂቃ ፊልም ሠርቷል። ታሪኩ ከሦስተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረሰችው ፓሪስ ከመሬት በታች ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ፊልሙ ከሞላ ጎደል በሙሉ በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች የተሠራ ሲሆን፣ በመካከሉ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አንዲት ሴት ዓይኗን ስትገልጥ ይታያል። ተመልካች ያን ሁሉ ፎቶግራፍ ካየ በኋላ የአንዲት ሴት ዓይን ሲንቀሳቀስ ሲያይ ይደነግጣል። እንግዲህ አንድ ስልክ ብቻ ያለን ተማሪዎች ድህነታችንን ማማረር የለብንም ማለት ነው።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ፊልም ተሠርቷል። ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ በ2015 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያሳየው «ክረምስ» የተባለው ፊልም ንግግሩ በአማርኛ ነው፤ ስሙም «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ በዋናነት ተጫውተውበታል። ከታላቅ ጥፋት በኋላ በቀረችው ዓለም ሰማይ ላይ አንድ አሮጌ የጠፈር መርከብ ተንሳፎ ይታያል፤ ሰዎቹ ደግሞ የቀድሞውን ዘመን የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ይይዙታል። ከፊሉ የተቀረጸው በዳሎል ነው። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ የማዕድን ሠራተኞች ጥለውት የሄዱት ሠፈር ፍርስራሽ ያለበት ቦታ በመሆኑ፣ ጥፋትን ለማሳየት ማስጌጫ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ዳሎል የለንም። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ዝናባም ከተማ ናት። ሠፈራችን ቡርቃ ጃቶም ቢሆን ስሙ ራሱ ውሃ አለው፤ ቡርቃ ማለት በአፋን ኦሮሞ ምንጭ ማለት ነውና። ሰው ከዚህ ቢጠፋ ምድሪቱ አሸዋ አትሆንም። ሣሩ አስፋልቱን ይሸፍናል፤ ቡናው ጫካ ይሆናል፤ የቆመው ባጃጅ ላይ ሐረግ ይወጣል። ይህ ቅዠት አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ በፈነዳ ማግስት ወደ 49,000 የሚጠጉ ሰዎች ፕሪፕያት ከምትባለው ከተማ ወጡ፤ ዛሬ በከተማዋ መንገዶችና አደባባዮች ላይ ደን በቅሏል። ስለዚህ የእኛ የዓለም ፍጻሜ አረንጓዴ ይሆናል አልሁ፤ ጓደኞቼም ተስማሙ። ክረምቱ እንዳለፈ በመስከረም ለመቅረጽ የወሰንነውም ሣሩ ቁመቱ ልክ የሚሆነው ያን ጊዜ ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተፈታም። ስለ ተቃጠለው ቤት ስንነጋገር እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የቆየች አንዲት የክበባችን አባል ተነሥታ፣ «እኔ የተቃጠለ ቤት ለማየት ፊልም አያስፈልገኝም» አለችን። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ አካባቢ ተፈናቅለው ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ነቀምቴና ወደ ሌሎች የወለጋ ከተሞች መምጣታቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እርሷም ያን ጊዜ ሕፃን ሆና ከመጡት አንዷ ናት። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ጓደኛችን በትሕትና፣ «ያየሽውን ሌላው ሰው እንዲያይ አትፈልጊም?» ብሎ ጠየቃት። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መከራን መደበቅም መልካም አይደለምና። እርሷም እንዲህ ብላ መለሰች፤ «ቤት ሲቃጠል ማንም ያያል። ማንም ያላየው ሌላ ነው። በመንገድ ላይ ሌሊት ሌሊት ሕፃናቱ ሲያለቅሱ፣ አያቴ እንቆቅልሽ ትጠይቀን ነበር። መልሱን ስናስብ ማልቀሱን እንረሳዋለን። ማሳየት ከፈለጋችሁ ይህን አሳዩ።»

ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ ድርሰቱን እንደ ገና ጀመርሁ። ስጽፍም ታሪካቸውን ከትምህርት ቤት የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ትዝ አሉኝ። ዓለም የጠፋችበት ሰው ለማግኘት ወደ ፊት ዘመን መሄድ አያስፈልግም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከእናቱ ተነጥቆ ለባርነት የተሸጠ ሲሆን በ1870 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ነፃ ወጣ። አስቴር ጋኖም እንዲሁ በባርነት ተይዛ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ለመሸጥ ስትወሰድ በ1886 እ.ኤ.አ. የኢጣልያ መርከቦች ጀልባውን ስለ ያዙት ነፃ ወጣች፤ ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተማረች። ለእነዚህ ልጆች ቤትም፣ ቀዬም፣ ዘመድም፣ ማለት ዓለም በሙሉ ጠፍቶ ነበር። በእጃቸው የቀረ ነገር ቢኖር ቋንቋቸው ነው።

አስቴር ጋኖ ምን አደረገች? በልጅነቷ የሰማችውን ከልቧ እያወጣች ጻፈች። እንቆቅልሹን፣ ተረቱን፣ ምሳሌውንና ዘፈኑን ስትሰበስብ ቁጥሩ ወደ 500 ደረሰ፤ ከዚህም ብዙው በ1894 እ.ኤ.አ. ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በኦኔሲሞስ የተተረጐመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ሲታተም የእርሷም ድካም ነበረበት። በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ አስተማሩ። እኛ በዚህች ከተማ ብዕር የያዝን ልጆች ሁሉ የዚያ ሥራ ወራሾች ነን። አያቲቱ በመንገድ ላይ ያደረገችውና አስቴር ጋኖ በብዕር ያደረገችው አንድ ነገር መሆኑን ሳስተውል መክፈቻውን አገኘሁት።

አሁን የተስማማንበት መክፈቻ ይህ ነው። በመጀመሪያ ምንም አይታይም፤ የውሃ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ በሣር የተዋጠ መንገድ፣ ሐረግ የወጣበት ባጃጅ፣ ከምንጭ አጠገብ የተቀመጠ ቢጫ ጀሪካን ይታያል። አንዲት ልጅ ውሃ ትቀዳለች፤ በጉያዋ ጫፉ የተበላ ደብተር አለ። ከዚያም ወደ ኮረብታው ዞራ «እንቆቅልህ!» ብላ ትጣራለች። በፊልሙ የምትጣራው በአፋን ኦሮሞ «ሂቦ!» ብላ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን በአማርኛው ልጠቀም። የገደል ማሚቶው «እንቆቅልህ!» ብሎ ቃሏን ይመልስላታል። ልጅቱ በደብተሯ ላይ አንድ መስመር ታሰምራለች፤ ገጹም በሙሉ በእንዲህ ያለ መስመር የተሞላ መሆኑን እናያለን። እንግዲህ ስንት ቀን እንደ ተጣራች ተመልካቹ ራሱ ይቁጠረው። በማግስቱ እንደ ገና ትጣራለች፤ ማሚቶው እንደ ገና ይመልሳል። በሦስተኛው ቀን ግን ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ «ምን አውቅልህ!» ይላል።

በዚህ መክፈቻው ያልቃል። ማሚቶ የሰጡትን ቃል ከመመለስ በቀር የራሱ ቃል የለውም፤ የጠየቁትን የሚመልስ ሰው ብቻ ነው። ተመልካቹ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ፊት አይቶ አይደለም፤ አንድ ያልተጠበቀ ቃል ሰምቶ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ ሩቅ አገር ያለ ዘመድ ድምፅ ምን ያህል እንደሚናፍቅ ሁላችንም ተምረናል። ስለዚህ የከተማችን ሰው ይህን ትዕይንት ያለ ማስረጃ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ አሠራሩም ጥቂት ልበል። ቀረጻው ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ጉምም አይጠፋም። ባዶ ከተማ ለማሳየት ሰው ከመንገድ ማባረር አይቻልም፤ ስለዚህ ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገን ሣሩን ከፊት፣ መንገዱን ከኋላ እናደርጋለን። ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥ አንድ ጓደኛችን ከባሕር ዛፍ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ሠርቶለታል። የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባ ድምፁን ለብቻ ከምንጩ አጠገብ ቀድተን በኋላ እናጋጥመዋለን። እያንዳንዱ ትዕይንት አስቀድሞ በደብተር ላይ በሥዕል ተነድፏል፤ በጠቅላላው 11 ሥዕል ነው።

የእንጨት ጠመንጃው ቀርቷል። በከተማችን መንገድ ላይ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዞ መሮጥ እናቶችን ያስደነግጣል፤ ጨዋታ መሆኑን የሚያውቀው የያዘው ብቻ ነውና። በኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት እንቅረጽ ያሉም ነበሩ። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውና ዛሬም ቆሞ ያለው ቅርሳችን ለተመልካች ፍርስራሽ መስሎ ሊቀርብ አይገባም ተብሎ ተወሰነ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። እኛ የምንፈልገው የጠፋውን ሳይሆን የተረፈውን ነው።

አሁን የቀረን አንድ ነገር ብቻ ሲሆን እርሱም በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። የልጅቱ ደብተር በእውነተኛ እንቆቅልሽ መሞላት አለበት። ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚህ ክረምት ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሻምቡ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ወደ ገጠርም የምትሄዱ ሁሉ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። አያቶቻችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ የሚነግሯችሁን እንደ ሰማችሁት ጻፉ፤ የነገረቻችሁንም ሴት ስምና አገሯን ከግርጌው አኑሩ። ወላጆቻችንም ማታ ማታ ስልካችንን አስቀምጠን እንድንሰማችሁ እዘዙን። መምህሮቻችን ደግሞ የሰበሰብነውን አርማችሁ ለቤተ መጻሕፍታችን እንድታስቀምጡልን በአክብሮት እንለምናለን። ፊልሙ ባይሳካልን እንኳ ደብተሩ ይቀራል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡትም ተማሪዎች ሲጣሩ የሚመልስላቸው አያጡም።