የገዛነው ምኑን ነው?

ቢቸናም ሆነ ሞጣ ፕሌይስቴሽን ቤት የማያውቅ ወጣት ያለ አይመስለኝም። አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ከእኛ መካከል እዚያ መግባትን እንደ ውድቀት የሚያዩ አሉ። እኔ ግን በደብረ ወርቅ በኩል ከቢቸና ሞጣ እየተመላለስኩ ሳስተምር፣ ከክፍል የቀሩትን ልጆች ፈልጌ የማገኛቸው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ መብራት እስካለ ድረስ በእነዚህ ቤቶች ጨዋታው አልቆመም። ጨዋታው ያለው ዲስኩ ላይ ነውና። ስልክ ላይ ካሉት ግን ብዙዎቹ አልከፈት አሉ።

ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የሞጣ ልጅ፣ በአጨዳ ወቅት ሠርቶ ያጠራቀመውን ብር አዲስ አበባ ላለ የአጎቱ ልጅ ልኮ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ አስገዝቶ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ከፈተው፤ የሠራው ድርጅት ለካ አገልግሎቱን ዘግቶታል። በገንዘቡ የሰበሰባቸው ተጫዋቾች አንድም የሉም። “ጋሼ፣ ታዲያ እኔ የገዛሁት ምን ነበር?” አለኝ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ግማሹ ስልካችን ላይ፣ ግማሹ ደግሞ ሰርቨር በሚባለው የድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲዘጋ በእጃችን ያለው ግማሽ ብቻውን አይሠራም። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሸጠውን “ዘ ክሩ” የተባለ የመኪና ጨዋታ መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. እንዲህ ዘጋው። ብቻውን የሚጫወት ሰው እንኳ ሊከፍተው አልቻለም። ሮስ ስኮት የተባለ አሜሪካዊ በዚህ ተነሥቶ “ጨዋታዎችን መግደል ይቁም” የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። ሰርቨር መብራትም ሠራተኛም ይፈልጋል፤ ድርጅቱ ለዘላለም ይክፈል አልልም። ዘመቻውም ይህን አይጠይቅም። የሚለው፣ ስትዘጉት ገዢው በራሱ መጫወት የሚችልበትን መንገድ ትታችሁ ሂዱ ነው። ዩቢሶፍት ራሱ ኋላ ለ“ዘ ክሩ 2” ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ አዘጋጅቷል፤ ስለዚህ አይቻልም ማለት አያስኬድም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ያሉት ዲስኮች አብዛኞቹ የተቀዱ እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ደግሞ የሰው ድካም አትውሰዱ፣ ከፍላችሁ ተጠቀሙ ብለን እናስተምራለን። ልጆቹ ግን የከፈለው ባዶ እጁን ቀርቶ የተቀዳው ዲስክ ዛሬም ሲሠራ ያያሉ። ትምህርቱን አልለውጥም፤ እንዲህ ያለ ሻጭ ግን አፌን እያስያዘኝ ነው።

ኤርምያስ በዓናቶት መሬት ሲገዛ ኢየሩሳሌም ተከብባ ነበር። ቢሆንም 17 ሰቅል ብር መዘነ፣ ምስክር አቆመ፣ ውሉንም ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። የዛሬው ሻጭ “ግዛ” የሚል ቁልፍ ያሳየናል፤ የሸጠልን ፈቃድ ብቻ መሆኑን፣ ያንንም በፈለገ ጊዜ መልሶ ሊወስደው እንደሚችል የሚናገረው ማንም በማያነበው ረጅም ውል ውስጥ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2025 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ይህ ከመሸጡ በፊት በግልጽ እንዲነገር በሕግ አዟል። በእኛም አገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ሻጩ ባሕር ማዶ ሲሆን ማን ያስፈጽመዋል? ሞጣ ላይ ክስ የሚመሠርት ልጅ አይታየኝም።

ለልጁ የመለስኩለት አጭር ነበር፦ “የገዛኸው ፈቃድ ነው፤ ይህንም ሊነግሩህ ይገባ ነበር።” አልተደሰተም። አሁን በነጻ የሚወርድ ጨዋታ ሲያገኝ፣ ውስጡ ላለው ነገር ከመክፈሉ በፊት ዳታውን አጥፍቶ ይሞክረዋል። አልከፈት ካለ ብሩን ኪሱ ይመልሳል።