ሰባራ ድልድይ፦ አያቴ በገመድ የተሻገረችበት ወንዝ

«ሲረግጡት ያወዛውዛል አሉ፤ እውነት ነው?»

እምዬ ይህን የጠየቀችኝ ቢቸና ከሚገኘው ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ የሰባት ዓመቷን ልጄን ጸጉር በጣቶቿ እያበጠረች ነው። የእናቴ እናት ናት። ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ሰማንያን ካለፍኩ በኋላ መቁጠር ትቻለሁ» ትላለች። የጠየቀችኝ ስለ ዓባይ ድልድይ ነው፤ በጎሐ ጽዮን በኩል ስንመጣ በመኪና ስለተሻገርነው ታላቁ ድልድይ ሳይሆን፣ ከሞጣ ማዶ በረሃው ውስጥ ስላለው፣ የአካባቢው ሰው «ሰባራ ድልድይ» ስለሚለው።

እምዬ የተወለደችው ከዓባይ ማዶ፣ በእስቴ በኩል ነው። ለትዳር ወደ ጎጃም የመጣችው ገና ልጅ እያለች፣ ወገቧ በገመድ ታስሮ፣ ከወንዙ በላይ ተንጠልጥላ ነው። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ቦታውን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ከእናቴና ከልጄ ጋር ለማየት ተነሣን።

ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው የዓባይን በረሃ ማለፍ ግዴታው ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ መንገዱ መውረድ ይጀምራል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ልጆች ጆሯቸው ይደፈናል። ከታች ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይጠብቃሉ። አዲሱ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ፣ ካጂማ በተባለ ኩባንያ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተከፈተው የ303 ሜትር ድልድይ ነው። ልጄ ገመዶቹን ቆጥራ ሳትጨርስ ተሻግረን ነበር። ለእኛ ዓባይን መሻገር አንድ ደቂቃ ያህል ወሰደ።

ደጀን ከደረሱ በኋላ ዋናውን የደብረ ማርቆስ መንገድ ትቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅና ሞጣ ይወስዳል። በጥቅምት ይህ አገር የጤፍ ባሕር ነው። ነፋስ ሲነሣ ማሳው ሁሉ በአንድነት ወደ አንድ ወገን ይተኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ነጋዴው «የጎጃም ነጭ ጤፍ ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምርብን ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ እዚህ ነው።

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም አለ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ዲማ የሚለው ስም እንግዳ አይሆንበትም። የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አርበኞች ከጣሊያን ጋር የተዋጉትም በዚህ አገር ነው። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል፤ ቢቸና ውስጥ ግን ስማቸው የሚነሣው የቅርብ ዘመድ እንደሚነሣ ነው።

የተሰበረው መሐል

ሰባራ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ከእሱ በፊት ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1626 በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ተሠርቷል። ሁለቱም የድንጋይና የኖራ ሥራዎች ናቸው። በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ዓባይ ላይ ሁለት የድንጋይ ድልድይ ማቆም ለዚያ ጊዜ ታላቅ ነገር ነበር፤ የጎንደር ቤተ መንግሥትና ጎጃም ክረምት ከበጋ መገናኘት ጀመሩ።

የሰባራ ድልድይ መሐል የተቆረጠው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ጠላት እንዳይሻገር ሲባል ነው ይላሉ። ጠላት ከአገር ወጣ፤ ድልድዩ ግን ተሰብሮ ቀረ። ከሞጣ ወገን ያለው ሰው የእስቴና የአንዳቤት ገበያ፣ ዘመድና ለቅሶ አለው። ከማዶ ያለውም እንዲሁ። ስለዚህ ከስድሳ ዓመት በላይ ሰው በገመድ ተሻገረ። ከዚህ ወገን ያሉ ጎበዞች ገመዱን ይይዛሉ፤ ከዚያ ወገን ያሉትም ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በመካከሉ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ መጎተት ነው። እህልም፣ ጨውም፣ ሙሽራም እንዲሁ አለፈ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ አሉኝ» አለችኝ እምዬ። «እኔ ግን ከፈትኩት። ውኃውን አየሁት። ከዚያ ወዲህ ዓባይን ጠልቼው አላውቅም፤ ፈርቼው ግን እኖራለሁ።»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ካገባች ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናቷ ማዶ ታመመች። ወሩ ነሐሴ ነበር። ዓባይ ሞልቶ ገመድ ጎታቾቹም ወደየቤታቸው ገብተው ነበር። መልእክቱ ከወንዝ ማዶ በጩኸት ተላለፈ፤ ከሰው ወደ ሰው ዞሮ ሞጣ ደረሰ። እምዬ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ወርዳ ሁለት ቀን ጠበቀች። ውኃው አልጎደለም። መርዶዋን የሰማችው መስከረም ላይ ነው። እናቷ ተቀብራ፣ ለቅሶው ተለቅሶ ካለቀ በኋላ።

መሻገርን መሸጥ

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ የተማርኩትም ንግድ ሥራ አመራር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህራችን ስለ ስካንዲኔቪያ የመርከብ ኩባንያዎች አስተምሮን ነበር። ዴንማርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1866 የተቋቋመውና ዛሬም ድረስ የሚሠራው ዲኤፍዲኤስ፣ ስዊድን ውስጥ በ1962 ሥራ የጀመረው ስቴና ላይን፣ ሌሎችም። ሰውንና መኪናን ከአንዱ የባሕር ዳርቻ ወደ ሌላው ማመላለስ ነው ሥራቸው። በትንሹ ጀምረው ውስጣቸው ምግብ ቤት፣ መኝታና ሱቅ ያለው፣ እንደ ከተማ የሚያክል መርከብ እስከ ማሰማራት ደረሱ። ለብዙ ዓመታት ከቀረጥ ነፃ ሱቁ ትልቅ የገቢ ምንጫቸው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 በአባል አገሮች መካከል ይህን ሽያጭ ሲያስቀር የንግድ ሐሳባቸውን እንደገና ማሰብ ነበረባቸው። ዴንማርክ በታላቁ የባሕር ወሽመጥ ላይ ድልድይ ሠርታ በ1998 ለመኪና ስትከፍት ደግሞ በዚያ መስመር ለብዙ ትውልድ ያመላለሱት ትልልቅ መርከቦች በአንድ ጊዜ ሥራቸው አበቃ።

መምህራችን ያኔ ያለን ነገር ሞጣ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ፦ ደንበኛው የሚገዛው መርከብ አይደለም፤ የሚገዛው መሻገርን ነው።

ሰባራ ድልድይም የራሱ የሆነ የድርጅት ታሪክ አለው። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ስለ ዓባይ ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ሰዎች በዚህ ድልድይ ላይ በገመድ ሲጎተቱ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ መኪናው እስኪጠገንለት ሲጠብቅ መጽሔቱን አገላበጠ። ፎቶውን አይቶ ዝም ብሎ አልገለጠውም። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ፤ በሚቀጥለው ዓመት የድርጅቱ የመጀመሪያ ሥራ እዚሁ ሆነ። ብረቱና ሲሚንቶው በአህያና በሰው ትከሻ ገደሉን ወረደ። የአካባቢው ሰው አብሮ ሠራ። የተቆረጠው መሐል በብረት ተገጠመ።

ዓባይ ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው። በ2005 የመጣው ጎርፍ አዲሱን ብረት ጠርጎ ወሰደው። ድርጅቱ ከዚህ የተማረው ነገር አለ፦ ከጎርፉ በላይ መሥራት። በ2009 በዚያው አካባቢ ከወንዙ ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። ዛሬ ድርጅቱ በፔሩ፣ በኒካራጓ፣ በሩዋንዳና በሌሎችም አገሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ የእግረኛ ድልድዮችን የሠራ ነው። ኒካራጓ ውስጥ የተደረገ ጥናት ድልድይ በሌለባቸው መንደሮች ጎርፍ በመጣ ቁጥር ሰው ከጉልበት ሥራ የሚያገኘው ገቢ በ18 በመቶ እንደሚቀንስ፣ ድልድይ ባለበት ግን ይህ ጉዳት እንደሚጠፋ አሳይቷል። የዚህ ሁሉ መነሻ ከሞጣ ቁልቁል ያለው የተሰበረ ድንጋይ ነው። ይህን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ስንት ይሆን?

ወደ ገደሉ

ልጄን ከእምዬ ጋር ቢቸና ትተን እናቴና እኔ ወደ ሞጣ ሄድን። ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት፤ ማሯ የታወቀ ነው። እዚያ አድረን በማለዳ መኪና እስከሚደርስበት ሄድን፤ ከዚያ በእግር ወረድን። እናቴ ወደ ስድሳ እየተጠጋች ነው። «መመለሻውን በበቅሎ ነው የምወጣው» ብላ ገና ከመነሣታችን በቅሎ ተከራየች። ብልህ ነበረች፤ እኔ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ሦስት ቀን አንክሻለሁ።

ከላይ ደጋ ነው፤ ከታች በረሃ። በየምዕራፉ ልብስ ማውለቅ ነው። ድልድዩ መጀመሪያ የሚታየው ድንገት ነው፦ ከታች አሮጌው ድንጋይ፣ መሐሉ ጎድሎ፤ ከላዩ ቀጭን መስመር የሚመስለው አዲሱ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ አህያ እየነዳች ትሻገር ነበር። አልቆመችም፤ ወደ ታችም አላየችም።

ከድልድዩ ወዲህ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት አገኘን። እናቴ ሰላምታ ሰጥታ «አባባ፣ እርስዎ በገመዱ ጊዜ ነበሩ?» አለቻቸው። ሳቁ። ገመድ ጎታች ነበሩ። ለአንድ ሰው የሚከፈላቸው ጥቂት ሳንቲም ነበር፤ ለእህል ይበልጣል። ድልድዩ ሲሠራ ግን ብረት ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። ሙያዬ ሆነብኝና «እንጀራዎን አላሳጣዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄ፣ ሰው ከእጄ አምልጦኝ ያውቃል» አሉ። «አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን የጎተትኩት በጸሎት ነው። እንዲህ ያለ እንጀራ ቢቀር ምን ይቆጫል?»

እናቴና እኔ ተሻገርን። ሲረገጥ ያወዛውዛል። መሐል ላይ ስንደርስ እናቴ ቆመች፤ እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ወደ ታች፣ ወደ ተቆረጠው ድንጋይ ተመለከተች። «እዚህ ጋ ነው የተንጠለጠለችው» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ማዶ ደርሰን አንድ እፍኝ አፈር በመሀረብ ቋጠረች።

ለቤተሰብ ተጓዦች

ይህን መንገድ ለመሄድ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ቢቸናና ዲማ ለትንንሽ ልጆች የሚመቹ ናቸው። የሰባራ ድልድይ ቁልቁለት ግን ለሕፃናትና ለአረጋውያን አይሆንም፤ ውኃ በብዛት መያዝ፣ በማለዳ መነሣት፣ የአካባቢው ሰው መንገድ እንዲመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ማዘን የማይቀርበት ነገር ደግሞ አለ፦ ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት አይደለም። ከመነሣታችሁ በፊት እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ጠይቁ፤ ካልሆነም ቀኑ እስኪመጣ አቆዩት። ወንዙን የሚያሻግር ድልድይ ተሠርቶ ሰው ከሰው የሚያገናኘው መንገድ ሲዘጋ ማየት ለእኔ ትውልድ የደረሰ ፈተና ነው።

ቢቸና ስንመለስ እምዬ ደጃፏ ላይ ነበረች። እናቴ መሀረቡን አውጥታ እጇ ላይ አኖረችው። እምዬ ቋጠሮውን ፈታች፤ አፈሩን አሸተተችው፤ ከዚያ መልሳ በጥንቃቄ ቋጠረችው።

«ያወዛውዛል ወይ?» አለችኝ።

«ያወዛውዛል፣ እምዬ። ግን ማንም አይፈራም። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ስትሻገር አየሁ።»

«በነሐሴም ይሻገራሉ?»

«በነሐሴም።»

ራሷን ነቀነቀች። የልጄን እጅ ያዘችና «እንግዲህ ትልቅ ስትሆኚ በነሐሴ ሂጂ» አለቻት። «ማዶ ያሉት ዘመዶችሽ ናቸው።»