ዝም ያሉትን ፈልጓቸው



ባለፈው ሸዕባን ነው። ደሴ ላይ በ1998 ገብተን በ2002 የወጣን የሒፍዝ ልጆች በዒድ ማግሥት ኡስታዛችን ዘንድ እንሰባሰብ ተባለ። ኡስታዙ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። «ልጆቹን ማን ያፈላልግ?» ሲባል እጄን አወጣሁ። የኢማም ረዳት ስለሆንኩ ሰው አውቃለሁ ብዬ ነው።

ከኡስታዙ አሮጌ ደብተርና ከየትዝታችን 41 ስም ለቀምን። 26ቱ በአንድ ሳምንት ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ገቡ። ሱቅ የከፈተው፣ መኪና የገዛው፣ ጂዳ ሆኖ ለመስጂድ የሚያሰባስበው፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ። 15ቱ ግን የውሃ ሽታ ሆኑ።

የእኛ አገር ስም ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፌስቡክ ላይ «ሰዒድ ሙሐመድ» ብላችሁ ፈልጉ እስቲ! ደረሳ ሆነንም በአባት ስም አንጠራራም ነበር፤ የቃሉው፣ የወረባቦው፣ የተሁለደሬው እንባባል ነበር እንጂ። እኔም በዚያው በአገራቸው ፈለግኋቸው። ወደየአካባቢው መስጂድ ኢማም እደውላለሁ፤ እሳቸው ከጁሙዓ በኋላ ሽማግሌዎቹን ይጠይቁልኛል። እንዲህ እያልን 11 ሰው አገኘን። ሁለቱ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። የሁለቱ ወሬ እስከ ዛሬ የለም።

የተሁለደሬው ኮምቦልቻ በቀን ሥራ ላይ ተገኘ። ከሁላችን ቀድሞ 30ውን ጁዝእ የጨረሰው እሱ ነበር። ኡስታዙ ሲወጡ እኛን የሚያዳምጠን እሱ ነው።

ደወልኩለት። ከሰላምታ በኋላ ነገሩን ስነግረው ዝም አለ። «ወንድሜ፣ እኔን ተወኝ» አለ።

መዋጮው የከበደው መስሎኝ «አብሽር፣ ብሩን እኛ እንሸፍናለን» አልኩት።

«ብር አይደለም። ሳዑዲ በረሃ ስድስት ዓመት ፍየል ስጠብቅ ኖርኩ። የሚያዳምጠኝ ሰው አልነበረም። ቁርኣኑ ሄደብኝ። ኡስታዙ ‹እስቲ ቅራ› ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

አፈርኩ። በሱ ሳይሆን በራሴ። የዚህን ሰው ስልክ ከአምስት ዓመት በፊት ሰው ሰጥቶኝ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ወረቀቱ ጠፋ። በዚያ ላይ ኢማሙ በሌሉ ጊዜ ሱብሒ ሳሰግድ የምቀራው ያንኑ የለመድኩትን ነው። ሰው ሐፊዝ ይለኛል፤ ሙስሐፍ ሳልይዝ የማልደፍረው ጁዝእ ስንት እንደሆነ እኔና አላህ እናውቃለን። ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለሱ ነገርኩት።

ትንሽ ቆየና «አንተም?» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱብሒ በኋላ እንደዋወላለን። አንድ ገጽ እሱ፣ አንድ ገጽ እኔ።

በዒድ ማግሥት መጣ። ጫማ ማውለቂያው አጠገብ ተቀመጠ። ኡስታዙ ድምፁን ሲሰሙ አወቁትና አስጠሩት። ቅራ አላሉትም። እጁን ይዘው «እናትህ ደህና ናት?» ብቻ አሉት። አለቀሰ። እኛም አልቻልንም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ትጠርግ የነበረች አንዲት ሴት ብትጠፋባቸው የት ሄደች ብለው ጠይቀዋል። መሞቷን ሲሰሙ ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ቀብሯ ድረስ ሄደው ሰገዱባት። ሰዎቹ ነገሯን አቅልለውት ነበር። እሳቸው ግን መጥፋቷን አስተዋሉ።

እናንተም ዩኒቨርሲቲ ይሁን መድረሳ አብረዋችሁ የተማሩትን ልትሰበስቡ ስታስቡ፣ ዝርዝሩን ከጠፉት ጀምሩ። የተሳካለት እናንተ ባትፈልጉትም ይመጣል። መዋጮውን መግቢያ አታድርጉት። ስትደውሉም «አሁን ምን ትሠራለህ?» በሚለው አትጀምሩ፤ ብዙ ሰው የሚደበቀው ከዚያች ጥያቄ ነው። «እናትህ ደህና ናት?» በሉት።

ስልካችሁ ውስጥ «ነገ እደውልለታለሁ» ያላችሁት ስም ካለ፣ ዛሬ ከመግሪብ በፊት ደውሉለት።

የጠፉብንን ሁለት ወንድሞቻችንን አላህ በሰላም ያገናኘን። አሚን።